ዱላ የሚያርመው እጅ

በብዙ የካራቴ ክለቦች የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ዓመታት አልፈው ቀበቶው ሲጠቁር ደግሞ መሣሪያ ነው። ፊሊፒናውያን ይህን ገልብጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ ስፖርት የተባለው አርኒስ ጀማሪውን ከመነሻው ዱላ ያስጨብጠዋል፤ ባዶ እጅ ኋላ ይመጣል። እኔም የፊሊፒናውያኑ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቡጢ የሚሸፍነውን ስህተት ዱላ ያጋልጣልና።

የልምምዱ ዱላ ከራታን ይሠራል፤ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ራታን ሸንበቆ ይመስላል እንጂ ውስጡ ድፍን ነው። በምት ብዛት ይተረተራል እንጂ እንደ ጠንካራ እንጨት ተሰንጥቆ ስለታም ስንጣሪ አይረጭም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከምት አቅጣጫ ነው። ከላይ ወደ አንገት በሰያፍ የሚወርድ ምት በዱላም መጣ በቢላ ወይም በእጅ፣ መስመሩ ያው ነው። ሰልጣኙ መስመሩን ማየት ከለመደ በኋላ ዱላውን ቢያስቀምጥም እግሩና ትከሻው የሚሠሩት ያንኑ ነው። ርቀትንም በፍጥነት ይማራል። ከቡጢ ርቄያለሁ ብሎ የተዝናና ሰው የዱላው ጫፍ ጣቱን ሲነካው ግማሽ እርምጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሲናዋሊ የሚባለውን የጥንድ ዱላ ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ በሁለቱም እጃቸው ዱላ ይዘው፣ ከላይና ከታች እያፈራረቁ ያጋጫሉ። ቀኝ እጅ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ግራው ይዘገያል፣ ክርኑ ይከፈታል፣ የእጅ አንጓው ይደርቃል። ያኔ የዱላዎቹ ድምፅ ይዛነፋል፤ አሰልጣኙ ጀርባውን ቢሰጥ እንኳ የማን ግራ እጅ እንደሰነፈ ይሰማል። ሰልጣኙም ራሱ ይሰማዋል፣ ያርመዋልም። ለዓመታት በቀኙ ብቻ ሲኖር የቆየ ሰው በዚህ ልምምድ ግራ እጁን ያገኛል።

በእርግጥ ዱላ ሁሉን አያስተምርም። ትግልና መሬት ላይ መያያዝ የራሳቸው ጊዜና አስተማሪ ይፈልጋሉ።

ለመጀመር ካሰቡ ከመጥረጊያ እንጨትና ከቪዲዮ ይልቅ አሰልጣኝ ይፈልጉ። ክለቡ ሲደርሱም በመጀመሪያ የሚለማመዱትን ሰዎች ፊት ይመልከቱ፤ በሙሉ ፍጥነት እየተማቱ ዓይናቸውን የሚሸፍን መከላከያ ካላደረጉ፣ ሌላ ክለብ ይፈልጉ።