ሆዳችን ትሉን ለምዶታል ወይስ ትሉ እኛን?



የመስቀል በዓል ሲደርስ በመስቃን አገር ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው በኮባ ላይ ቀርቦ ዘመድ ከዘመዱ ይገናኛል። በዚህ ማዕድ ዙሪያ ስለ ኮሶ የሚያነሣ ሰው ቢኖር «እኛ ከልጅነታችን የለመድነው ነው፤ ሆዳችን ያውቀዋል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። እኛም ይህን ስንሰማ አድገናል። አባባሉ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ኩፍኝ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ሁሉ ሰውነት ኮሶንም ይማረዋል ማለት ነውና። በእውነት ይማረዋልን?

ፈጣሪ ለሰውነታችን የሰጠው የመከላከያ ኃይል ጠላቱን እንደ መጠኑ ይገጥማል። በዓይን የማይታየውን ባክቴሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። የኮሶ ትል ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ስለሚረዝም የሚዋጥ አይደለም። ስለዚህ ለትል የተዘጋጀ ሌላ ስልት አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ በ1879 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳያቸው ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ነጭ ሕዋሳት በትሉ ቆዳ ላይ ተለጥፈው መርዛቸውን ያፈሱበታል። ኢሚኖግሎቡሊን ኢ የተባለው ጸረ እንግዳ አካልም ሌሎች ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። በዚህ ጊዜ የአንጀት ግድግዳ ዝልግልግ ፈሳሽ ያበዛል፤ አንጀትም ይኮማተራል። ዓላማው መግደል ብቻ ሳይሆን ጠርጎ ማውጣትም ነው።

ይህ ሁሉ ሠራዊት እያለ የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀመጥ መቻሉ ያስገርማል። ምክንያቱ አኗኗሩ ነው። በአራት መምጠጫዎቹ አንጀትን ይያዝ እንጂ ሥጋችንን ሰርስሮ አይገባም፤ ደማችንንም አይመጥም። አፍም ሆድም የሌለው ፍጥረት ስለሆነ እኛ ያላመጥነውን ምግብ በቆዳው ይቀበላል። ያንኑ ቆዳ ዘወትር ያድሰዋል፤ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ ነገሮችንም ያመነጫል። ስለዚህ በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ነጫጭ ቁርጥራጮችን በልብሱ ላይ እስኪያይ ድረስ ምንም አይሰማው። ተመራማሪዎች በአይጥ ዘሮች ላይ ያዩትም ከዚህ ጋር ይስማማል። የትልቁ አይጥ የሆነ አንድ ዓይነት ጥገኛ ትል በትልቁ አይጥ አንጀት ውስጥ በሰላም ሲኖር፣ በትንሿ አይጥ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን በጥቂት ሳምንታት ተጠርጎ ይወጣል። ከአስተናጋጁ ጋር የኖረ ትል አስተናጋጁን ያውቀዋል። እንግዲህ የለመደው ትሉ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የሚማረውስ ማን ነው? ከብቱ ነው። ከብት ከሣር ጋር የትሉን እንቁላል ሲውጥ፣ ከእንቁላሉ የወጣው ሽል አንጀቱን በስቶ በደም በኩል ወደ ሥጋው ይሄዳል። በዚያም ውኃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ሥጋ መርማሪዎች ልብን፣ ምላስንና የመንጋጋን ሥጋ የሚሰነጥቁት እርሷን ፍለጋ ነው። ሽሉ ሥጋ ስለ በሳ የከብቱ ሰውነት ጠላቱን በሚገባ ያየዋል፤ በኋላ የሚመጡትንም ሽሎች በጸረ እንግዳ አካላት ይገድላል። ቀድማ የሰፈረችው ከረጢት ግን ታመልጣለች። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ሄደው በ1989 እ.ኤ.አ. የበጎችን ተመሳሳይ ትል የሚከላከል ክትባት ይፋ አድርገዋል። ለሰው አንጀት ግን እንዲህ ያለ ክትባት የለም።

አባቶቻችን ይህን ሳይማሩ በልምድ ደርሰውበታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆዳቸው ትሉን ቢያውቀው ኖሮ ያን መራራ ኮሶ በየሁለት ወሩ መጠጣት ለምን አስፈለጋቸው? ኮሶው የትሉን አካል አውጥቶ ራሱን ከተወው፣ ራሱ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ቁርጥራጭ ይጥላል። ከዚህም ሌላ በበዓሉ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው አዲስ ትል ይቀበላል። በጤና ተቋም የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ትሉን ያስወጣሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ለሚቀጥለው ክትፎ ዋስትና አይሰጡም። ኮሶውን አብዝቶ መጠጣት ደግሞ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

ክትፎ ይቅር ለማለት አልተነሣንም፤ ብንልስ ማን ይሰማናል? ሥጋው እስከ መሐሉ ቢበስል ከረጢቷ ትሞታለች። ውስጡ ቀይ እንደሆነ የወረደ ለብለብ ግን ከጥሬው ብዙም አይለይም። ለበዓሉ ጥሬውን የሚመርጥም ቢሆን ቁርጥራጭ ያየ ዕለት ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በሽንት ቤትም ይጠቀም። አንዷ ቁርጥራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ ከእንሰቱ ጓሮ የወደቀችውን የሚያገኛት ደግሞ ለመጪው መስቀል የሚታረደው ወይፈን ነው።