የሾርት ሰርኪዩት ጅረት በተገናኙ ባስ ባሮች መካከል እንዴት ይከፋፈላል?

ተማሪዎችን «የኤሌክትሪክ ጅረት በየት በኩል ያልፋል?» ብለን ብንጠይቅ፣ አብዛኞቹ «መቋቋሙ ባነሰበት መንገድ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ጅረት ባገኘው መንገድ ሁሉ ያልፋል፤ የሚለያየው የየመንገዱ ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት መሳት በፈተና ላይ ጥቂት ማርክ ያስቀንስ ይሆናል፤ በኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ግን ብሬከር እንዲፈነዳና በአጠገቡ የቆመ ሠራተኛ እንዲቃጠል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ባስ ባር ማለት ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለወጪ መስመሮች የሚያድል ወፍራም የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። በትልልቅ ጣቢያዎች ባስ ባሩን በክፍል በክፍል ለይቶ፣ ክፍሎቹን በአገናኝ ብሬከር ማያያዝ የተለመደ ነው። አንዱ ትራንስፎርመር ቢበላሽ የጎረቤቱ ክፍል ጭነቱን ይሸከምለታል። ይሁን እንጂ በሰላሙ ጊዜ ኃይል የሚያበድረው ጎረቤት በብልሽት ጊዜም የሾርት ጅረት ያበድራል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ በተርታ የተገናኙ ሦስት የባስ ባር ክፍሎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ክፍል 132 ኪሎ ቮልትን ወደ 15 ኪሎ ቮልት የሚያወርድ፣ አቅሙ 25 ሜጋ ቮልት አምፔር፣ ኢምፒዳንሱም 10 በመቶ የሆነ የራሱ ትራንስፎርመር አለው። ከ15 ኪሎ ቮልቱ ወገን ሲታይ የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ 15 × 15 ÷ 25 × 0.10 = 0.9 ኦም ነው። የአንዱ ፌዝ ቮልቴጅ ደግሞ 15,000 ለ1.732 ሲካፈል 8,660 ቮልት ይሆናል። ስሌቱን ለማቅለል የ132 ኪሎ ቮልቱን መረብና የባስ ባሩን የራሱን ኢምፒዳንስ እንተዋቸው። ሦስቱ ፌዞች በአንድነት ቢነካኩ፣ በኦም ሕግ መሠረት ከአንድ ትራንስፎርመር የሚወጣው ጅረት 8,660 ÷ 0.9፣ ማለትም 9.6 ኪሎ አምፔር ያህል ነው። ይህም የትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት ጅረት (962 አምፔር) 10 እጥፍ ነው።

አሁን አገናኞቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ከሀ በሚወጣ መስመር ላይ፣ ከብሬከሩ አጠገብ ሾርት ተፈጠረ እንበል። ጉስታቭ ኪርቾፍ በ1845 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ወደ አንድ መገናኛ ነጥብ የሚገባው ጅረት ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በለ እና በሐ መካከል ባለው አገናኝ 9.6፣ በሀ እና በለ መካከል ባለው 19.2፣ በብልሹው መስመር ብሬከር ደግሞ 28.9 ኪሎ አምፔር ያልፋል። ሾርቱ በለ መስመር ላይ ቢሆን ግን በእያንዳንዱ አገናኝ የሚያልፈው 9.6 ብቻ ነው፤ የመስመሩ ብሬከር የሚያየው ድምር ግን ያው 28.9 ነው። እንግዲህ ድምሩ በሾርቱ ቦታ አይለወጥም፤ በአገናኞች የሚያልፈው ድርሻ ግን ይለወጣል።

የመስመሩ ብሬከር ማቋረጥ የሚችለው እስከ 25 ኪሎ አምፔር ነው እንበል። ጣቢያው ሁለት ትራንስፎርመር ብቻ በነበረው ጊዜ ድምሩ 19.2 ስለነበር ብሬከሩ በቂ ነበር። ሦስተኛው ሲጨመር ብሬከሩን ማንም አልነካውም፤ የሚጠብቀው አደጋ ግን ከአቅሙ በላይ ሆነ። በአስተላላፊዎች መካከል የሚፈጠረው ኃይል ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ 28.9 ኪሎ አምፔር ከ25ቱ ይልቅ 34 በመቶ ያህል የበለጠ ግፊት ያስከትላል። ዕለት ዕለት የሚነበበው አምፔር ሜትር ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው ስሌት ብቻ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ አንዱን አገናኝ ክፍት ማድረግ ነው፤ ድምሩ ከ19.2 አይበልጥም፤ ነገር ግን የመረዳዳቱ ጥቅም ይቀንሳል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ አገናኝ ላይ ሪአክተር የሚባል ጥቅል ሽቦ ማስገባት ነው። የሪአክተሩ ኢምፒዳንስ 0.9 ኦም ቢሆንና ሾርቱ በሀ ላይ ቢፈጠር፣ የለ መንገድ (0.9) እና የሐ መንገድ (1.8) በትይዩ 0.6 ኦም ይሆናሉ። የሀ እና የለ ሪአክተር ሲደመር 1.5 ኦም ስለሚሆን በአገናኙ የሚያልፈው 5.8 ኪሎ አምፔር ያህል ነው፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ከለ፣ አንድ ሦስተኛው ከሐ ይመጣል። ከሀ ትራንስፎርመር ጋር ድምሩ 15.4 ይሆናል። ሾርቱ በመካከለኛው ክፍል በለ ላይ ሲሆን ግን 19.2 ይደርሳል። ስለዚህ ሪአክተር ሲገባ የሾርቱ ቦታ ለድምሩም ወሳኝ ይሆናል፤ ብሬከር የሚመረጠውም በከፋው ቦታ ነው።

በእውነተኛ ጣቢያ የትልልቅ ሞተሮች ድርሻና በመጀመሪያው ግማሽ ዑደት የሚታየው ከፍተኛ ጅረትም መታሰብ አለባቸው። መሠረቱ ግን ያው የኦምና የኪርቾፍ ሕግ ነው።

ለአንባቢ የሚተው ጥያቄ፦ ሀ እና ሐ በሦስተኛ ተመሳሳይ ሪአክተር ቢገናኙና ክፍሎቹ ቀለበት ቢሠሩ፣ በሀ ላይ ለሚፈጠር ሾርት ድምሩ ስንት ይሆናል? ከማስላታችሁ በፊት በለ እና በሐ መካከል ባለው ሪአክተር ጅረት ያልፍ እንደሆነ አስቡ።