አሎሎ ለመወርወር ቤት ውስጥ እንዘጋጅ
በስፖርት ክፍለ ጊዜ አሎሎው አንድ፣ ወርዋሪው ብዙ ነው፤ ተራችን ሳይደርስ ይደወላል። ስለዚህ እኔ የምዘጋጀው ቤት ነው።

አሎሎ በክንድ ብቻ አይወረወርም። ኃይሉ ከእግር ይነሳና በወገብ አልፎ በክንድ ይወጣል። በሳምንት ሦስት ቀን ሰውነቴን አሟሙቄ እነዚህን እሠራለሁ፦

1. ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፦ ለእግር።
2. ፑሽ አፕ 8 ጊዜ፦ ለደረትና ለክንድ። ያቃተው ጉልበቱን መሬት ያስነካ።
3. ጄሪካን ማንሳት 10 ጊዜ፦ ለወገብ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሆነ 3 ሊትር እሞላለሁ፤ ጀርባዬን አላጎብጥም። ውኃ ቀድታችሁ የመጣችሁ ይህንን ዝለሉት፤ ሠርታችሁታል!

የአዋቂ ሴቶች አሎሎ 4 ኪሎ ነው፤ እኛ ቀስ በቀስ እንጨምር። ካመመን እናቁም። በድንጋይ አንለማመድ፤ ሰው ይመታል።

ተራችን ሲደርስ ተዘጋጅተን እንገኝ!

ከ7ኛ ክፍል፣ ለሚ