ከትወና ወደ ዳይሬክተርነት፦ የኃይሌ ገሪማ የፊልም ሕይወትና የቋንቋ ጥያቄ

በአገር ቋንቋ የተሠራ ፊልም ከአገሩ ውጭ ተመልካች አያገኝም የሚል አስተያየት ይደመጣል። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱን ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሥራ ሕይወት አንጻር ይመረምራል። ጉዳዩ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ስለ አፋን ኦሮሞ ፊልም ለሚያጠኑም ቅርብ ነው።

ኃይሌ በ1946 እ.ኤ.አ. በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በየገጠሩ እየተዘዋወሩ ተውኔት የሚያሳዩ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ልጃቸውም በዚሁ ቡድን ውስጥ ተውነዋል። በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወናን አጠኑ። ይሁን እንጂ በምዕራባውያን ተውኔቶች ውስጥ ለጥቁር ተዋናይ የሚተርፈው የአገልጋይነት ሚና መሆኑ ስላላረካቸው፣ በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

ለጥያቄያችን ዋናው ማስረጃ በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ በ1974 ክረምት፣ የዘውዱ ሥርዓት ሊወድቅ በተቃረበበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥቁርና ነጭ ተቀረጸ። ተሳታፊዎቹ ሙያተኛ ተዋንያን ሳይሆኑ በገዛ አማርኛቸው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ባላባቱ ሲጮኽ ጭሰኛው ዝም ይላል፤ መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ግን እውነቱን አፍ አውጥቶ ይናገራል። ስለዚህ ቋንቋው የታሪኩ ማጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ማን የመናገር መብት እንዳለው የሚያሳይ የሥልጣን ምልክትም ነው። ፊልሙ በዓለም አቀፍ ፌስቲቫሎች ተደናቂነትን አትርፏል።

በአብዛኛው በአማርኛ የተሠራው «ጤዛ» ደግሞ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ቋንቋው እንቅፋት አልሆነበትም።

ፈተናው ሌላ ቦታ ነበር። በእንግሊዝኛ የተሠራውን «ሳንኮፋ» (1993) የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልተቀበሉት፣ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የአንድን ፊልም ዕጣ የሚወስነው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ ማን ይሠራዋል፣ ማን ያሰራጨዋል የሚለውም ነው። ስለሆነም የአፋን ኦሮሞን ፊልም የሚያጠና ተመራማሪ ከድርሰቱና ከትወናው ጎን ለጎን የማሳያ አዳራሾችን፣ የገንዘብ ምንጭንና የሥርጭት መንገድን አብሮ ቢመረምር፣ ጥናቱ የተሟላ ይሆናል።