ለድኾች የተቀመጠ ገንዘብ

የሚነበበው፤ 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8፣ ከቁጥር 16 እስከ 21።

ለድኾች የተሰጠው ገንዘብ ሁሉ ወዲያው ይታደል፣ ወይስ ከፊሉ ይቀመጥ? ይህን ጥያቄ በጅቡቲ ከተማ ምሳሌነት እንመርምረው።

በዚያች የወደብ ከተማ ካሪታስ የተባለው የካቶሊክ ምግባረ ሠናይ ድርጅት የጎዳና ልጆችን ይረዳል፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ከአገራችን የተሰደዱ ናቸው። እንዲህ ላለው ሥራ የሚሰጥ ስጦታ አንድ ጊዜ ይበዛል፣ አንድ ጊዜም ያንሳል፤ የሕፃን ረኃብ ግን ስጦታው እስኪደርስ አይታገሥም። ዛሬ አብልተን ነገ ደጁን ብንዘጋ የሰጠነው ተስፋ ከንቱ ይሆናል።

የከተማይቱም ገንዘብ ራሱ ያስተምረናል። የጅቡቲ ፍራንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ሲቋቋም በዶላር ተቀማጭ እንዲደገፍ ተደረገ፤ ከ1973 ጀምሮም አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ይመነዘራል። ወረቀቱ የሚታመን ከበስተኋላው የተቀመጠ ስላለ ነው። የእኛም የምሕረት ቃል እንዲሁ መደገፊያ ያስፈልገዋል።

መደገፊያውም ወጪው በሚከፈልበት ገንዘብ ይቀመጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፣ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በብር አስቀምጦ በፍራንክ ሊከፍል ያሰበ ሰው የገንዘቡ ኃይል በግማሽ ያህል ጎደለበት።

ነገር ግን ማከማቸት ሁሉ መልካም አይደለም። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት እጅ አንዱን ያከማቸ ለሕዝብ ነበረ፤ በሉቃስ 12 የተነገረው ሰነፍ ባለጠጋ ግን ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበው ለራሱ ነው። ስለዚህ ልኩ አስቀድሞ ይጻፍ። ለምሳሌ የወር ወጪው 200,000 ፍራንክ የሆነ ማኅበር የሦስት ወር መጠባበቂያ ቢወስን 600,000 ፍራንክ ያስቀምጣል፤ ለተለየ ጉዳይ የተሰጠ ስጦታ ግን በዚህ አይቈጠርም። የችግር ቀን ሲመጣም ሣጥኑ ይከፈት፤ በችግር ቀን የማይከፈት ሣጥን የሰነፉ ጎተራ ነውና።

በ1523 የላይስኒግ ከተማ ምእመናን ለድኾች የጋራ ሣጥን ሲያቆሙ ማርቲን ሉተር መቅድም ጻፈላቸው። ሣጥኑም አራት ቍልፎች ነበሩት፤ ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም ነበር። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ለአንድ ሰው ብቻ አልተወም። እንግዲህ እኛም ሁለት ሦስት ሆነን እንቍጠር፣ ሒሳቡንም በጉባኤ ፊት እናንብብ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ያለ ነቀፋ እንድንገኝ።