የሞዱሌሽን ምርጫና የመልክዐ ምድር ፈተና፦ የደሴና ኮምቦልቻ መስመር እንደ ማሳያ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን የሚያገናኘው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በቀጥታ አየር መስመር ቢለካ ግን ርቀቱ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ቁልቁለት ላይና ታች ተከፍሎ የተቀመጠ ተቋም ነው፤ ዋናው ግቢ ደሴ ሲሆን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚገኘው ኮምቦልቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በእንዲህ ያለ መልክዐ ምድር ላይ ዳታ የሚሸከም የማይክሮዌቭ ምልክት በየትኛው የሞዱሌሽን ዓይነት ቢቀረጽ እንደሚሻል ነው።

በዳታ ኮሙኒኬሽን የመማሪያ መጻሕፍት የምልክት ልወጣ በአራት ተከፍሎ ይቀርባል፦ ከዲጂታል ወደ ዲጂታል፣ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል፣ ከዲጂታል ወደ አናሎግ እና ከአናሎግ ወደ አናሎግ። አከፋፈሉ ለፈተና ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ተማሪው አራቱን እርስ በርስ የማይገናኙ አድርጎ እንዲያስባቸው ያደርጋል። በተግባር ግን አንድ የስልክ ጥሪ ብቻውን ከአንድ በላይ በሆኑት ውስጥ ያልፋል።

ደሴ ፒያሳ ቆሞ ኮምቦልቻ ለሚኖሩ እናቱ የሚደውል ሰው ለአብነት ይወሰድ። ድምፁ አናሎግ ነው። ለስልክ የሚፈለገው የድምፅ ክልል ከ4,000 ኸርዝ በታች ስለሆነ፣ በናይኩዊስት መርህ መሠረት የዚህን እጥፍ፣ ማለትም በሰከንድ 8,000 ናሙና መውሰድ ይበቃል። በመደበኛው የመስመር ስልክ እያንዳንዱ ናሙና በ8 ቢት ሲጻፍ ውጤቱ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። የሁለተኛው ትውልድ የእጅ ስልክ ይህንኑ ድምፅ አጭቆ ወደ 13,000 ቢት ያወርደዋል። ቀጥሎ ቢቶቹ ከስልኩ ወደ ማማው ለመድረስ በሬዲዮ ሞገድ ላይ መጫን አለባቸው፤ ይህ ከዲጂታል ወደ አናሎግ የሚደረገው ልወጣ ነው። ከማማው በኋላ ጉዞው በፋይበር ከሆነ፣ በቀላሉ አሠራር ብርሃን ሲበራ 1፣ ሲጠፋ 0 ይሆናል። በማይክሮዌቭ ከሆነ ግን ሌላ ሞዱሌሽን ይጠብቀዋል። ደዋዩ የቆመበት ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ደግሞ አራተኛውን፣ ከአናሎግ ወደ አናሎግ የሚደረገውን ልወጣ፣ በዚያው ቅጽበት እያሰማ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የማይክሮዌቩ ክፍል ነው። በዚያ የሚሠራበት ዘዴ ኳም ይባላል፤ የተሸካሚውን ሞገድ ከፍታና ፌዝ በአንድነት በመለወጥ ቢቶችን ይጭናል። በአንድ ሜዳ ላይ የተተከሉ ችካሎችን ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። ላኪው በእያንዳንዱ ምልክት አንዱን ችካል ይጠቁማል፤ ተቀባዩም የትኛው እንደተጠቆመ ይለያል። ችካሎቹ 4 ሲሆኑ (ኪው ፒ ኤስ ኬ) አንዱ ምልክት 2 ቢት ይሸከማል፤ 16 ሲሆኑ 4 ቢት፣ 64 ሲሆኑ 6 ቢት፣ 256 ሲሆኑ 8 ቢት። ሜዳው ግን አይሰፋም፤ የላኪው ኃይል የተወሰነ ነውና። ችካሎቹ በበዙ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ ትንሽ ኖይዝ ሲገባም ተቀባዩ አንዱን ከጎረቤቱ ጋር ያምታታል። በዚህም ምክንያት 2 ቢት በተጨመረ ቁጥር የምልክቱ ኃይል ከኖይዙ አንጻር በ6 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም በአራት እጥፍ፣ መብለጥ ይኖርበታል። ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳየውም ይህንኑ ወሰን ነው፦ የአንድ መስመር አቅም በባንድዊድዙና በምልክትና ኖይዝ ጥምርታው ይወሰናል፤ የቱንም ያህል ረቂቅ የሆነ ሞዱሌሽን ከዚያ አያሻግርም።

ወሰኑ በተግባር ምን ያህል እንደሚያጠብ ለማየት ለምሳሌ ያህል የታሰበ መስመር ይሰላ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የ12 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ እይታው በጋራ ካልተጋረደ፣ በ23 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ቢተከል በነጻ አየር ብቻ የሚጠፋው 141 ዴሲቤል ነው። ላኪው 20 ዴሲቤል ሚሊዋት ቢያወጣና ሁለቱም ጫፎች እያንዳንዳቸው 40 ዴሲቤል የሚያጎሉ፣ ስፋታቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ቢኖራቸው፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው 41 ዴሲቤል ከሚሊዋት በታች ይሆናል። በ28 ሜጋ ኸርዝ ባንድ የሚኖረው ኖይዝ ከዚህ 52 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። 256 ኳም በጥራት ለመሥራት 32 ገደማ ስለሚፈልግ 20 ዴሲቤል ይተርፈዋል። በታኅሣሥ ቀትር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ይህ ስሌት በሚገባ ያምራል። መስመሩም በሰከንድ 192 ሜጋ ቢት ያህል ያሳልፋል።

ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ በ23 ጊጋ ኸርዝ በየኪሎ ሜትሩ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ይነጥቃል። ዶፉ ከመስመሩ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሸፍን የሚጠፋው 22 ዴሲቤል ያህል ነው። ያን ጊዜ 256 ኳም ይወድቃል። 26 ዴሲቤል የተረፈው 64 ኳም ግን ይቆማል፤ ዶፉ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ሲሰፋ ደግሞ የሚቀረው 38 ዴሲቤል የተረፈው ኪው ፒ ኤስ ኬ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የበጋ ስሌት ብቻ ይዞ ከፍተኛውን ሞዱሌሽን በቋሚነት የሚመርጥ ንድፍ፣ ሰው ስልክ አብዝቶ በሚፈልግበት የጎርፍና የናዳ ቀን መስመሩን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ደሴ በጉም የምትታወቅ ከተማ በመሆኗ ለደካማ ምልክት ጉም ይወቀሳል። የጉም ጠብታ ግን ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፣ በ23 ጊጋ ኸርዝ 12 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ቢሸፍን እንኳ በአብዛኛው ከ1 ዴሲቤል በታች ነው የሚቀንሰው። ጉም በእውነት የሚያጠፋው በአየር ላይ በጨረር የሚላክ የብርሃን ምልክትን ነው። ለሬዲዮ ጠላቱ ዝናቡ ነው።

አንዱ መፍትሔ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መውረድ ነው። በ7 ጊጋ ኸርዝ ያው ዶፍ በየኪሎ ሜትሩ ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ስለሚወስድ፣ 1.2 ሜትር ስፋት ባላቸው ሳህኖች 256 ኳም ክረምቱን ሊሻገር ይችላል። ነገር ግን ሳህኑ ይተልቃል፣ የማማው ሸክም ይጨምራል፣ የፍሪኩዌንሲ ባንዱም ጠባብና ተፈላጊ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ተለማማጅ ሞዱሌሽን ይባላል። ተቀባዩ የምልክቱን ጥራት በየቅጽበቱ እየለካ ላኪውን ያሳውቀዋል፤ ዝናቡ ሲበረታ ከ256 ወደ 64፣ ከዚያም ወደ 16፣ በመጨረሻም ወደ 4 ችካል ይወርዳል፤ ሲያባራ ይመለሳል። የመውረጃውና የመውጫው ደረጃ ግን እኩል መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ መስመሩ በወሰኑ ላይ ሲደርስ ያለ ማቋረጥ ሲወዛወዝ ይውላል። የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ዴሲቤል ቢሆን ይበቃል።

መብራት በሌለበትና ማማ በቆመበት ጊዜ የትኛውም ሞዱሌሽን አይጠቅምም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰበት ወቅት ስልክ የተቋረጠባቸው ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል። የተለማማጅ ሞዱሌሽን ድርሻ ከዚህ ያነሰና የተወሰነ ነው፦ መሣሪያው እየሠራ ሳለ አየሩ ሲከፋ መስመሩ ፈጽሞ እንዳይጠፋ ማድረግ። ለዚህም ንድፍ አውጪው አስቀድሞ የሚወስነው አንድ ጉዳይ አለ። አቅሙ ከ192 ወደ 48 ሜጋ ቢት ሲወርድ ሁሉም ዳታ እኩል ቢጠብቅ፣ የቪዲዮው ፋይልና የእናትየዋ ጥሪ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ድምፁ ከሰልፉ ፊት ቢቀመጥ ግን የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ በ64,000 ቢት ቢታሰብ እንኳ 48 ሜጋ ቢት 750 ጥሪ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ፋይሉ ዝናቡ እስኪያባራ ሊቆይ ይችላል።