ስህተቱ የማን ነው? ፕሮሰሰር አፍጥነን ኮምፒውተሩ ሲንገዳገድ

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ፕሮሰሰር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔን ያገባኝ ባለፈው ሴሚስተር ነው። ለቡድን ሥራችን ያዘጋጀነውን የ12 ደቂቃ ዶክመንተሪ ኤክስፖርት ሳደርግ፣ 70 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሬ ሰማያዊ ስክሪን አሳየኝና ጠፋ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን ደግሞ 40 ላይ ቆመ። ማስረከቢያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሳምንት በፊት ፕሮሰሰሩ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጌው ነበር። ይህ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል።

ኮምፒውተሬ ከአክስቴ ልጅ የወረስኩት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ኮር ቱ ኳድ ኪው 6600 ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ነው፤ ማዘርቦርዱ የሚሰጠው መነሻ ምት (ባስ የሚሉት) 266 ሜጋኸርዝ ሲሆን ማባዣው 9 ነው። ውጤቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ይሆናል። በዚህ ፕሮሰሰር ማባዣውን ከ9 በላይ መውሰድ አይቻልም፣ ዝቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች። ስለዚህ ማፍጠን የፈለገ ሰው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ባሱን ከፍ ያደርጋል። እኔም 333 አደረግሁትና 3 ጊጋኸርዝ ሆነ። ዊንዶውስ ተነሳ፣ ሙዚቃ ከፈትኩ፣ ኢንተርኔት አየሁ። በቃ ሠራ ብዬ ተኛሁ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር መነሳቱና መጽናቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ለመቀየር ጥቂት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ምቱ በፈጠነ ቁጥር ይህ ጊዜ ያጥራል። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ቀጣዩ ምት ከመጣ፣ ያላለቀው ውጤት እንዳለቀ ተቆጥሮ ያልፋል፤ አርታኢው ሳያየው ማተሚያ ቤት እንደገባ ዜና ማለት ነው። ሙዚቃ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ስለሆነ ይህ አይታይም። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ግን አራቱም ኮሮች ያለ እረፍት ይሠራሉ።

በዚያ ሌሊት ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ቮልቴጅ ጨመርኩ። ቮልቴጅ ሲጨምር ትራንዚስተሮቹ ስለሚፈጥኑ ሐሳቡ መሠረት አለው። ከ1.25 ቮልት ቀስ በቀስ 1.40 አደረስኩት። ሂሳቡን የሠራሁት ግን ዘግይቼ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱ በ25 ፐርሰንት ሲጨምር የእኔ ሙቀት በግምት በ57 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ትራንዚስተሮቹን ያዘገያል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን እዚህ ሲሽከረከር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ሰዎች ይህን ያህል ቮልት ችሎልኛል ሲሉ በዝምታ ባትከተሏቸው ይሻላል። ደግሞም ፕሮሰሰሩ በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሳይጠፋ የሚያዘግም ኮምፒውተር ካያችሁ መጀመሪያ የፋኑን አቧራ ተመልከቱ።

ያን ሁሉ ቮልት ጨምሬም ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አላቆመም። ለካስ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ አልነበረም!

ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ ሥራውን በተለመደው ፍጥነት ኤክስፖርት አድርጌ ካስረከብኩ በኋላ ነው (12 ደቂቃ ዘግይቼ፤ መምህራችን በትዕግሥት አለፉኝ)። ቮልቴጁን ወደ 1.25 መለስኩና ነገሮችን አንድ በአንድ መለየት ጀመርኩ። ባሱን 333 ላይ ትቼ ማባዣውን 6 አደረግሁት። 6 ሲባዛ በ333፣ 2 ጊጋኸርዝ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ከወጣበት ፍጥነት እንኳ በታች ነው። አሁንም ኮምፒውተሩ ወደቀ። እንግዲህ በዝግታ እየሄደ ያለን ፕሮሰሰር ማን ይከሳል? የቀሩት ራሙና ማዘርቦርዱ ናቸው። የራም ፍጥነትም ከባሱ ጋር በሬሾ የታሰረ ነው። በእኔ ኮምፒውተር 2 ለ 3 ነበር፤ ባሱ 266 ሲሆን ራሙ 400 ላይ ይሠራል፣ ዲዲአር ስለሆነም 800 ተብሎ ይሸጣል። ባሱን 333 ሳደርገው ራሙ ሳላውቀው 500 ደረሰ፣ ማለትም 1000 ሆነ። ሬሾውን 5 ለ 6 ሳደርገው ራሙ ወደ 400 ተመለሰ፣ መውደቁም ቆመ። ከዚያ ማባዣውን ወደ 9 መለስኩት። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ብቀይር ኖሮ የቱ እንዳዳነኝ አላውቅም ነበር።

ለፈተናው የተጠቀምኩት ፕራይም 95 የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ትላልቅ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ሲሆን፣ ትንሹ ፈተና ፕሮሰሰሩን ለብቻው ያስጨንቃል፣ ብሌንድ የሚባለው ራሙንም ይጨምራል። ትንሹን አልፎ ብሌንዱ ላይ የሚወድቅ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የራም ችግር አለበት። ፕሮግራሙ ያገኘውን ውጤት አስቀድሞ ከሚታወቀው ጋር ስለሚያስተያይ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋም ስህተቱን ይናገራል። እኔን በጣም ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ሰማያዊ ስክሪን ቢያንስ ይታያል። ዝም ብሎ አንድ ቁጥር የሚያጣምም ኮምፒውተር ግን ፋይላችሁን አበላሽቶ እንደ ደህና ሰው ይቀጥላል። ቀላል መሞከሪያ ከፈለጋችሁ አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፎልደር በዊንራር ጨምቁና ቴስት የሚለውን ተጫኑ፤ ስህተት ካወጣ በዚያ ኮምፒውተር ምንም አትቁረጡ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልበል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሰፈራችን መብራት ደግሞ ማታ ማታ ይዋዥቃል። ፈተናው ቀን አልፎ ማታ የሚወድቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ተጠቅማችሁ ድገሙት። ጭራሽ አልነሳም ካለ ደግሞ ገመዱን ነቅላችሁ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጡ፤ ባዮሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አሁን 3 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተፈትኖ ይሠራል። በሂሳብ ቢሆን 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ኤክስፖርት በ32 ያልቃል። ለ8 ደቂቃ ብዬ አንድ ሌሊት አጥቻለሁ። የቡድኔ ልጆች ግን እስካሁን የመጨረሻውን ኤክስፖርት በእኔ ኮምፒውተር ለመሥራት አይስማሙም።